ባዮስ በሲዲ ስለ ማደስ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

«አይኤስኦውን ሲዲ ላይ ኮፒ አድርጌዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ግን አልነሳም አለ።» በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውና ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ የተቀመጠው ፕሮግራም) ስለ ማደስ በተነሳ ቁጥር ይህ አቤቱታ አይቀርም። ቀጥሎ የሚወቀሰው ሲዲ ማንበቢያው ነው፤ ደህናው ተነቅሎ ሌላ ይገዛለታል። ጥፋቱ ግን የማንበቢያው አይደለም። አይኤስኦ እንደ ተራ ፋይል ኮፒ አይደረግም፣ በርን ይደረጋል፤ ማለትም ይዘቱ ተዘርግቶ ሲዲው ላይ ይጻፋል።

አይኤስኦ የአንድ ሙሉ ሲዲ ግልባጭ ነው። ኮምፒውተሩ ከሲዲ ሲነሳ የፋይል ስም አይፈልግም፤ በቀጥታ ሴክተር 17 ወደተባለው የሲዲው ቋሚ ቦታ ሄዶ የማስነሻው ኮድ የት እንዳለ የሚጠቁመውን መዝገብ ያነባል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤል ቶሪቶ የተባለው ደንብ የሚያዘው ይህንን ነው። ፋይሉን ጎትታችሁ ሲዲው ላይ ስትጥሉት መዝገቡ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ታሽጎ ይቀራል፤ በቦታው ስለሌለም ኮምፒውተሩ ሲዲውን አልፎ ወደ ሃርድ ዲስክ ይሄዳል።

ለማረጋገጥ ሲዲውን ክፈቱት። አንድ ትልቅ የአይኤስኦ ፋይል ብቻ ካያችሁ በስህተት ነው የተጻፈው። ባዶ መስሎ ከታየ ግን አትጣሉት፤ አንዳንድ የባዮስ ሲዲዎች ይዘታቸው በሙሉ ከማስነሻው ምስል ውስጥ ስለሆነ ዊንዶውስ አያሳየውም።

ዊንዶውስ 7 እና ከዚያ ወዲህ ባሉት ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ዲስክ ኢሜጁን በርን የሚያደርገውን ትእዛዝ ምረጡ፤ ተጽፎ ሲያልቅ እንዲያረጋግጥም ምልክት አድርጉ። ኤክስፒ ይህ የለውም፤ እንደ ኢምግበርን ያለ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ሲዲ-አር ተጠቀሙ፤ ደጋግሞ የሚጻፍበትን ሲዲ-አርደብሊው ያረጁ ማንበቢያዎች ብዙ ጊዜ ይስቱታል። ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጉት።

ማንበቢያው በእርግጥ ከሞተ ደግሞ «ያንኑ አይኤስኦ ዩኤስቢ ላይ መጻፍ ነው» ይባላል። ይህም ብዙ ጊዜ አይሠራም። የቆዩ የቲንክፓድ ላፕቶፖች ባዮስ ሲዲዎችን ውሰዱ፦ የሚነሳው ክፍል ሲዲው ውስጥ የተቀመጠ ሌላ የዲስክ ምስል ነው። መጀመሪያ ጌትኤልቶሪቶ በተባለው ትንሽ ፕሮግራም ያንን ምስል አውጡት፤ ከዚያ ሊኑክስ ላይ በዲዲ ትእዛዝ ወደ ሙሉው ዩኤስቢ ጻፉት። ወደ ፓርቲሽኑ (ዩኤስቢው ውስጥ ወዳለው ክፍልፋይ) ከጻፋችሁት አይነሳም። ዩኤስቢው ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋም አስቡበት።

«የድሮውን ባዮስ ባክአፕ እዚያው ሲዲው ላይ አስቀምጣለሁ።» አይቻልም። ከሲዲው የተነሳው ዶስ (የድሮው ስርዓተ ክወና) «ኤ» ብሎ የሚያሳያችሁ ድራይቭ የፍሎፒ ምስል ነው፤ ሲዲ ላይ ያለ ስለሆነ አይጻፍበትም። እውነተኛ ፍሎፒ ወይም ፋት በተባለው የፋይል አደረጃጀት የተፎረመተ ዩኤስቢ ቀድማችሁ ሰኩ።

«ቻርጀሩ ከተሰካ የላፕቶፑ ባትሪ ባይኖርም ግድ የለም።» ብዙዎቹ የማደሻ ፕሮግራሞች ሁለቱንም የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቺፑ ተሰርዞ ሳለ መብራት ቢቋረጥ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ፍተሻውን ለማለፍ አትሞክሩ።

«ስክሪኑ ስለቆመ አጠፋሁት።» ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የማስነሻው ብሎክ (ባዮሱ ሥራ የሚጀምርበት የቺፑ ክፍል) ከተረፈ የማዘርቦርዱ ማንዋል የማገገሚያ ስልት ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ካልተረፈ ግን ቺፑን እንደ ሲኤች341ኤ ባለ የቺፕ መጻፊያ መሣሪያ (ፕሮግራመር) ከውጭ መጻፍ የግድ ነው።

«የሲሞስ ባትሪውን ብነቅል የድሮው ባዮስ ይመለሳል።» አይመለስም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ይህች ትንሽ ባትሪ የምትይዘው ሰዓትንና ሴቲንግን ነው፤ ባዮሱ ያለ ኤሌክትሪክም በቺፑ ላይ ይቆያል።

«አዲስ ባዮስ ኮምፒውተሩን ያፈጥናል።» እምብዛም። ሥራው ስህተት ማረም፣ የደህንነት ቀዳዳ መድፈንና አዲስ ሃርድዌር ማስተዋወቅ ነው።

«ሞዴሉ ከተመሳሰለ ይበቃል።» አይበቃም፤ ማዘርቦርዱ ላይ የታተመው የሪቪዥን ቁጥርም መግጠም አለበት።

«እድሳቱ ዊንዶውሴን አጠፋው።» የባዮስ ሲዲ ሃርድ ዲስኩን አይነካም። ከእድሳት በኋላ ሴቲንጉ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ የሳታ ሞዱ (ሃርድ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት ስልት) ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ይቀየርና ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ይቆማል። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ሞዱን ወደ ቀድሞው መልሱት። ለዚህም ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የባዮሱን ገጾች አንድ በአንድ ፎቶ አንሱ። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) ካለ ደግሞ ቀድማችሁ ለጊዜው አግዱት፤ አለዚያ ሲነሳ የማስመለሻ ቁልፉን ይጠይቃችኋል።