ውኃ ከሆነ ውኃ በል

ባለፈው ሰሞን ሰው ቤት ተጋብዘን ሄድን። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ የቀረበለትን ጠላ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና «ይሄማ ውኃ ነው» አለ። የቤቱ እመቤት ፊቷ ተለዋወጠ። እሱ ግን «ምን ላድርግ፣ ጋናዎች ውኃ ከሆነ ውኃ በል ይላሉ» ብሎ ጨመረበት።

ሁለታችንም ጋና ውስጥ ኩማሲ ከተማ ሠርተናል። አባባሉን የሰማነው እዚያው ነው። ሰው ማሳፈሪያ ሲሆን ግን ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

ይህ ቃል የሚነገረው ስሙ ለሚወጣለት ሕፃን ነው። አካን በሚባሉት የጋና ሰዎች ዘንድ አዲስ የተወለደ ልጅ እንግዳ ነው፤ ወደ መጣበት ሊመለስ ይችላል ተብሎ ሰባት ቀን ቤት ይቆያል። በስምንተኛው ቀን በማለዳ ያወጡትና ስም ይሰጡታል። አቆጣጠራቸው ልክ እንደኛ «የዛሬ ስምንት» ነው፣ የተወለደበት ቀንም ይቆጠራል። ሳምንት የሚሉበት ቃል ራሱ ስምንት ቀን ማለት ነው። ስለዚህ ዓርብ የተወለደ ልጅ ስሙን የሚቀበለው ዓርብ ነው።

ያ ቀን ራሱ ደግሞ ስም ይሆናል፤ የነፍስ ስም ይሉታል። የዓርብ ወንድ ኮፊ ነው፣ ሴቷ ኤፉዋ። የቅዳሜ ወንድ ክዋሜ፣ ሴቷ አማ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበረው ኮፊ አናን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1938 ዓርብ ተወለደ፣ መንትያ እህቱም ኤፉዋ ተባለች። የመጀመሪያው የጋና ፕሬዚዳንት የክዋሜ ንክሩማህ ደግሞ የበለጠ ይገርመኛል። ወረቀቱ ላይ ልደቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1909 ነው። ያ ቀን ማክሰኞ ነበር። ስሙ ግን ቅዳሜ ይላል። እኔ ስሙን አምናለሁ። ያጠመቀው የካቶሊክ ቄስ ቀኑን የጻፈው በግምት ነው፤ ስሙን ያወጡት ግን ቀኑን ያዩ ሰዎች ናቸው።

ወደ ማለዳው ልመለስ። የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ስም ሲወጣለት ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስተኙት። አጠገባቸው ሁለት ብርጭቆ አለ። ጣታቸውን ከአንዱ ነክረው ምላሱ ላይ ጠብ አደረጉለት። «ንሱዎ ስትል፣ ንሱዎ ይሁን።» ሦስት ጊዜ። ከሁለተኛውም ነክረው «ንሳ ስትል፣ ንሳ ይሁን» አሉት። ንሱዎ ውኃ ነው፣ ንሳ መጠጥ። በውኃው ልጁ ከንፈሩን መጠጠ። በመጠጡ ፊቱ ጭምድድ አለ።

ብዙ ሰው «እውነት ተናገር ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ሁለቱ ብርጭቆዎች ጨርሶ አይለዩም ነበር። ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው።

ያኔ አያቴ ትዝ አለችኝ። ገጠር አረቄ ታወጣ ነበር። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ከብት ጠብቄ ጠምቶኝ ገባሁና ጓዳ የቆመውን ጠርሙስ ውኃ መስሎኝ ተጎነጨሁ። ጉሮሮዬ ነደደ፣ እንባዬ ወረደ። አያቴ እርጎ እያጠጣችኝ «ዓይንማ ምን ያውቃል፣ ልጄ» አለችኝ።

አባባሉም ከዚሁ የመነጨ ይመስለኛል። መጀመሪያ በምላስህ ለይ፣ ከዚያ በዚያው ምላስ ተናገር ነው ነገሩ። ድሮ በዘንባባ ጠጅ ነበር፣ እሱ እንደ ወተት ነጣ ይላል፣ ከውኃ ጋር አይምታታም የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ግን አባባሉ የሰላው የአውሮፓ ነጋዴዎች ጥርት ያለውን ጂን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ካመጡ ወዲህ ይመስለኛል። ዓይን የሚያታልል መጠጥ የመጣው ያኔ ነዋ! ንሱዎ እና ንሳስ ለጆሮ እንኳ መቀራረባቸው ዝም ብሎ ነው? አይመስለኝም።

አሁን አሁን ግን ይህን ቃል ሰው ከሰደቡ በኋላ እንደ ማመካኛ የሚያነሡት አሉ። ደግ አይደለም። ሽማግሌው ጣታቸውን የነከሩት ልጁ ነገ ለሚናገረው ቃል እንዲጠነቀቅ ነው፤ የሰው ቤት ገብቶ ጓዳ እንዲያዋርድ አይደለም። ለወዳጄም መንገድ ላይ ይህንኑ ነገርኩት። ጠላው እኮ ጥሩ ነበር፣ እኔ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ። የሱ ስንነሣም እንደ ሞላ ነበር።