መሐሉ የተሰፋ ጋቢ ጉድለት የለበትም

ሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቅ ከከፈትኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ገና በቀረበ ቁጥር ለወላጅ፣ ለአማት ወይም ለክርስትና ልጅ የእጅ ሥራ ስጦታ የሚፈልግ ሰው ይመጣል፤ አብዛኛውም አምና ያረምኩትን ስሕተት ዘንድሮም ይዞት ይገባል። በቃል ማስረዳቱ ስለታከተኝ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

«ይህ መሐሉ ላይ ተሰፍቷል፤ ያልተቀጠለውን አምጡልኝ።» ከሁሉ የሚያሰለቸኝ ይህ ነው። ሸማኔው እግሩን ከሚያስገባበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ መርገጫውን በእግሩ እየረገጠ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲያሳልፍ፣ የጨርቁን ወርድ የሚወስነው የክንዱ ርዝመት ነው። ስለዚህ ሰፊው ጋቢ የሚገኘው ጠባብ ጨርቆች ጎን ለጎን ተሰፍተው፣ በአራት እጥፍ ተደርበው ነው። ስፌት የሌለው ካልሆነ አልወስድም የሚል ሰው፣ ሳያውቀው የፋብሪካ ጨርቅ እየጠየቀኝ ነው ማለት ይቻላል።

የክሩ ወጣ ገባነትም እንዲሁ ነው። በቁመት የሚዘረጋው ድር ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የተገዛ ክር ሲሆን፣ በአግድም የሚገባው ማግ ግን ሴቶች ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት የፈተሉት ነው። የሰው እጅ የፈተለው ክር አንድ ቦታ ቀጠን፣ ሌላ ቦታ ወፈር ማለቱ አይቀርም፤ ጋቢው በታጠበ ቁጥር እየለሰለሰ የሚሄደውና ሙቀት የሚይዘውም በዚሁ ልል ማግ ምክንያት ነው። አምና አንድ ወጣት ለአባቱ ሊገዛ መጥቶ፣ ከጨንቻ የመጡ ሸማኔዎች የሠሩትን ጋቢ ሳሳየው ክሩ ጎርበጥ ጎርበጥ ስለሚል ዋጋውን በግማሽ እንድቀንስለት ጠየቀኝ። እምቢ ስለው ከሌላ ቦታ «ጥርት ያለ» ጋቢ ገዛ። ከበዓሉ በኋላ ተመልሶ አባቱ «ልጄ፣ ይሄ እኮ አይሞቅም» እንዳሉት ሲነግረኝ፣ አልተደሰትኩም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

«ጥለት ያለው ሁሉ የእጅ ሥራ ነው።» አይደለም። ጨርቁን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ሸማኔው ያስገባው ጥበብ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው፤ በኮምፒውተር የተጠለፈው ግን ከጀርባው የታችኛው ክርና ወረቀት የመሰለ መደገፊያ ይታይበታል፤ የታተመው ደግሞ ከጀርባ ሲያዩት ይደበዝዛል። በማሽን የተጠለፈ ቀሚስ መግዛት ነውር አይደለም፤ ነውሩ በሸማኔ ዋጋ መግዛቱ ነው።

«በዋዜማው ባዝም ይደርሳል።» ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት በዓል ሲለብስ ሸማኔው ሁለት እጅ ብቻ እንዳለው አይዘንጋ፤ ትእዛዝ የሚሰጠው በኅዳር ነው።

የሸክላ ጀበና የምትሰጡ ሳይሟሽ ቡና እንዳይፈላበት ለተቀባዩ ንገሩት። ጥበብ ያለበትን ልብስ በበረኪና ማንጻት ደግሞ ቀለሙንም ክሩንም ይጎዳል።

ወደ በጎ አድራጎት ስጦታ ስንመጣ፣ «ለተቸገረ ከሆነ ምንም ቢሰጥ ያስደስታል» የሚለው እምነት በጣም ተስፋፍቷል። በበዓል ቀን እንደ መቄዶንያ ያሉ፣ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚያኖሩ ማዕከላትን መጎብኘት መልካም ልማድ ነው። ሆኖም የበዓሉ ዳቦ በማግስቱ ያልቃል፤ ሳሙና፣ መድኃኒትና የአዋቂ ዳይፐር ግን በሰኔም ያስፈልጋል። ያረጀ ልብስ በማዳበሪያ ጠቅጥቆ ከመሄድ አስቀድሞ ደውሎ «ምን ጎደላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሁሉ ነገር ላላቸው እናትም በስማቸው የአንድ ወር ወጪ ሸፍኖ ደረሰኙን በፖስታ አድርጎ መስጠት ከአሥረኛው ነጠላ ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን የምለው ነጠላ የምሸጠው እኔ ነኝ።

«ገቢው ለችግረኞች ይውላል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ዕቃም ጠይቁት፤ ማን ሠራው፣ ለሠሪው ስንት ተከፈለው? ሻጩ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገቡን ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ማጣራት ይቻላል። ደግ ድርጅት በዚህ አይቀየምም።

የመጨረሻው ስሕተት፣ ከእጅ ሥራ ዋጋ የተቀነሰ ገንዘብ ምጽዋት ሲሆን ጽድቅ ይሆናል የሚለው ነው። አንዲት ደንበኛዬ በአንድ ኩታ ላይ ግማሽ ሰዓት ስትከራከረኝ ቆይታ፣ ከቀነስኩላት የሚተርፈውን በገና ዕለት ለነዳያን እንደምታካፍለው ነገረችኝ። የኩታውን ማግ የፈተሉት እናት ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ልቃቂታቸውን በዘንቢል ይዘው፣ ሒሳባቸውን እስክሰጣቸው ይጠብቁ ነበር።