«ጥሬ ሊቲየም አይላክ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ባጃጅ የምንሠራ ልጆች ግሩፕ ላይ አንድ ነገር ደጋግሞ ይነሳል። «ጥሬ ሊቲየም እንዳይወጣ ከተከለከለ ባትሪ እዚሁ ይመረታል፣ ዋጋውም ይወርዳል» ይባላል። ወገኖቼ፣ መሀል ላይ ረጅም መንገድ አለ።

ጉጂ ዞን፣ ቀንጢቻ ያለው ሊቲየም ስፖዱሚን በሚባል ማዕድን ውስጥ ነው። ድንጋዩ ተፈጭቶ የማይፈለገው ሲለይ «ኮንሰንትሬት» ይባላል። ይህ እንደ ተበጠረ ጤፍ ነው፤ ገና ዱቄት አልሆነም። በተለመደው ዘዴ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይቃጠላል፤ ቀጥሎ ሰልፈሪክ አሲድ ይገባበታል። ለባትሪ ጥሬ ዕቃ የሚሆነው ሊቲየም ካርቦኔት የሚገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የባትሪ ፋብሪካ ደግሞ ሌላ ደረጃ ነው።

በቁጥር እንየው። 1 ቶን ካርቦኔት ለማውጣት 6 በመቶ ሊቲየም ኦክሳይድ ያለው ኮንሰንትሬት 8 ቶን ገደማ ያስፈልጋል። ኮንሰንትሬቱን እንዳለ ከላክን አብዛኛው የመኪና ኪራይ የሚከፈለው ለተራ ድንጋይ ነው። ዚምባብዌ በ2022 እ.ኤ.አ. የከለከለችው ያልተጣራውን ድንጋይ ነው፤ ያን ጊዜ ኮንሰንትሬት መላኩ ቀጥሎ ነበር። ስለዚህ «ክልከላ» ስትሰሙ የትኛው ደረጃ እንደሆነ ጠይቁ።

ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተቀመጠ ነው፤ እሱ አያከራክርም። የዓለም ዋጋ፣ የድንጋዩ ጥራትና የመብራት አቅርቦት ግን ይለዋወጣሉ።

እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ፍለጋው ይጠናከር እላለሁ። መጠኑ በቁፋሮ ሳይረጋገጥ የፋብሪካ ስፋት አይወሰንም። ከዚያ ካርቦኔቱ፤ ባትሪው ይቆይ። የአካባቢው ሰው ውሃና መሬት ግን ከመጀመሪያው ቀን ይታሰብበት።