«ቀስ በል» የሚለው መኪና፦ አይ ኤስ ኤ ምንድን ነው?

አውሮፓ ውስጥ በቅርቡ አዲስ መኪና የገዛ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ፣ ስለ መኪናው ጠይቁት። መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስለ ሞተሩ ላይሆን ይችላል። «ይጮህብኛል» ነው የሚላችሁ። ገደቡ 50 በሆነ መንገድ ላይ ትንሽ አለፍ ሲል ዳሽቦርዱ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ጢን ጢን ይጀምራል። ሰውየው ተናዶ ያጠፋዋል። በማግስቱ ሞተር ሲያስነሳ በርቶ ይጠብቀዋል።

ይህ ነገር ኢንተለጀንት ስፒድ አሲስታንስ ይባላል፣ ባጭሩ አይ ኤስ ኤ። የፍጥነት ረዳት ብንለው ያስኬዳል። ግዴታ ያደረገው የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በጁላይ 2022 አዲስ በሚወጡ ሞዴሎች ላይ ጀመረ። ከጁላይ 7 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ በኅብረቱ አገሮች የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ አለበት። የቤት መኪና ብቻ አይደለም፤ ቫኑም፣ አውቶቡሱም፣ የጭነት መኪናውም ጭምር። ቀድሞ የተገዛውን ግን አይነካም። አሮጌ ቮልስዋገናችሁ ላይ ማንም መጥቶ አይገጥምባችሁም።

ከፊት መስታወቱ ጀርባ፣ ስፖኪዮው አጠገብ ያለች ካሜራ የመንገድ ምልክቶችን ታነባለች። ጂፒኤሱ መኪናው የትኛው መንገድ ላይ እንዳለ ያውቃል። ካርታው ደግሞ የዚያ መንገድ ገደብ ስንት እንደሆነ ይዟል። ከእነዚህ ተነስቶ መኪናው ገደቡን ይገምታል፣ ስታልፉ ያሳውቃችኋል። እንዴት እንደሚያሳውቅ ግን ሕጉ ለአምራቾቹ አራት ምርጫ ሰጥቷል። አንዱ ብልጭታ ነው፣ ካልሰማችሁት ድምፅ ይከተለዋል። ሁለተኛው በድምፅ ፈንታ ንዝረት ነው። ሦስተኛው ላይ ነዳጅ መስጫው ፔዳል ራሱ እግራችሁን ወደ ላይ ይገፋል። አራተኛው ላይ መኪናው የሞተሩን ጉልበት ቀስ አድርጎ ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «መንግሥት መኪናዬን ሊያቆምብኝ ነው» ሲባል እንሰማለን። አያቆምም። ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ የረገጠ ያልፋል፣ አራተኛውም ዓይነት ቢሆን። ማጥፋትም ይቻላል። ሕጉ ያስገደደው ሞተር በተነሳ ቁጥር ተመልሶ እንዲበራ ብቻ ነው። እውነተኛው የፍጥነት መገደቢያ ሌላ ነው። አውሮፓ ውስጥ ትልልቅ የጭነት መኪኖች ከ1994 ጀምሮ ከ90 ኪሎ ሜትር፣ አውቶቡሶች ከ100 በላይ እንዳይሄዱ የሚያደርግ መሳሪያ ተገጥሞላቸዋል። ያኛው ድርድር አያውቅም። አገር ቤት በሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ላይ ሲነሳ የምንሰማው መገደቢያም የእሱ ዘመድ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ለስላሳ ከሆነ ሾፌሩን ምን አናደደው?

የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው፦ ይሳሳታል። ካሜራዋ ከአውራ ጎዳናው መውጫ ላይ ያለውን የ60 ምልክት አይታ ቀጥ ብላችሁ በ120 የምትሄዱትን ሰዎች ትጮህባችኋለች። ከፊት ያለው ከባድ መኪና ጀርባው ላይ የለጠፈውን «80» የመንገዱ ሕግ አድርጋ ታነባለች። የመንገድ ሥራ ካለቀ በኋላ ያልተነሳ ምልክት አለ። በትምህርት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ገደብ አለ፣ ሥሩ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ። ደንቡ ራሱ በፈተና ላይ ከሚነዳው ርቀት 90 ከመቶውን በትክክል ማወቅ ይበቃል ይላል። ዘጠና ከመቶ ለተማሪ ጥሩ ውጤት ነው። በየቀኑ ሥራ ለሚመላለስ ሰው ግን ቀሪው አሥር ከመቶ ነው ትዝ የሚለው። ያለ ጥፋትህ ሦስት ጊዜ ከተጮኸብህ፣ አራተኛው ትክክል ቢሆንም አትሰማውም።

ሁለተኛው ምክንያት የድምፁ ነገር ነው። ከአራቱ ምርጫዎች ብዙዎቹ አምራቾች የወሰዱት ጢን ጢኑን ነው። በእኔ ግምት ርካሹ እሱ ስለሆነ ነው። ያው ድምፅ ደግሞ ከመስመር ስትወጡ ከሚጮኸው፣ ከድካም ማስጠንቀቂያው፣ ከቀበቶው ጋር ተደምሮ መኪናውን የጫጫታ ቤት ያደርገዋል። ኩባንያዎቹም ይህን አውቀውታል። ሬኖና ዳቺያ የማትፈልጓቸውን ረዳቶች አንድ ላይ የሚያጠፋ ቁልፍ አበጅተዋል፤ አንዴ መርጣችሁ ካስቀመጣችሁ ሁለት ጊዜ መጫን ነው። በግዴታ የገባ ዕቃ የሚጠፋበት ቅለት ለገዢ የሚነገር ጥሩ ነገር ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ከበድ ይላል፣ ምክንያቱም የመኪናው ጥፋት አይደለም። ገደቡን አክብሮ የሚሄድ ሰው ከኋላው የሚመጣው ይጠጋዋል፣ መብራት ያበራበታል፣ ጥሩምባ ይነፋበታል። ስዊድን ከ1999 እስከ 2002 በኡሜኦ፣ በቦርሌንገ፣ በሊድሾፒንግና በሉንድ ወደ 5,000 በሚጠጉ መኪኖች ላይ ይህን ቴክኖሎጂ ሞክራ ነበር። ኡሜኦ ላይ መብራትና ድምፅ፣ ሉንድ ላይ እግርን የሚገፋ ፔዳል። ብዙዎቹ ሾፌሮች ከለመዱት በኋላ ወደዱት። ቅሬታቸው ግን መንገድ የዘጉ ያህል መሰማታቸው ነበር። መሳሪያው በእነሱ መኪና ላይ አለ፣ ከኋላ ባለው ላይ የለም። ለዚህ ይመስለኛል ግዴታው ከፍላጎት የተሻለ መከራከሪያ ያለው፦ ሁሉም ጋ ካለ አንተ ለብቻህ ቀርፋፋ አትሆንም።

ከእንዲህ ዓይነት ሙከራዎች የወጣ አንድ የማያስደስት ነገርም አለ። መሳሪያው ጠንከር ባለ ቁጥር ፍጥነትን በደንብ ይቀንሳል፣ ግን የሚወደው ሰው ያንሳል። እንግሊዝ ውስጥ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላውን ጎን አይተዋል። መሳሪያው ይበልጥ የሚያስፈልገው ሾፌር፣ ማለትም መሮጥ የሚወደው፣ እሱው ነው ይበልጥ የሚያልፈው። ቀስ ብሎ የሚነዳው ሰው ያመሰግነዋል፣ ግን እሱ ድሮም ቀስ ይላል። አውሮፓ ማጥፊያ ቁልፍ የፈቀደችው ሕዝቡ እንዲቀበለው ብላ ነው። የተከፈለበት ዋጋም ይኸው ነው።

ሙግቱ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1923 አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ከተማ፣ ከ42,000 በላይ ሰው ፈርሞ አንድ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። የከተማዋ መኪና ሁሉ በሰዓት ከ25 ማይል፣ ማለትም ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በላይ እንዳይሄድ መሳሪያ ይገጠምለት የሚል ነው። መኪና ነጋዴዎች ትልቅ ዘመቻ ከፈቱ። ሐሳቡ በሰፊ ልዩነት ወደቀ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ካሊፎርኒያ ከ2030 ጀምሮ የሚወጡ አዲስ መኪኖች ገደቡን ከ10 ማይል በላይ ሲያልፉ ሾፌሩን እንዲያስጠነቅቁ ሕግ አጽድቃ ነበር። ማስጠንቀቅ ብቻ። ገዥው ጋቪን ኒውሰም ሳይፈርሙበት መለሱት። ቮልቮም መኪኖቼ በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ አይሄዱም ሲል ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር። ከ180 በላይ በሕግ የሚነዳበት አገር ከጀርመን ውጭ የት እንዳለ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

የሚገርመው አሜሪካ በሌላ በር መግባቷ ነው። ቨርጂኒያ በ2025 ባወጣችው ሕግ፣ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ሲነዳ ተይዞ የተፈረደበትን ሰው ፍርድ ቤት መኪናው ላይ መሳሪያ እንዲያስገጥም ሊያዘው ይችላል። ሕጉ ሥራ ላይ እንዲውል የተባለው ከጁላይ 2026 ጀምሮ ነው። ይሄኛው ጢን ጢን አይልም፣ ከገደቡ ያግዳል። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን የምትነዱ ወገኖች ልብ በሉ። እዚህ ላይ ሰው ብዙም አልጮኸም፤ ቅጣት ስለሆነና «እኔን አይመለከተኝም» ስለሚል ይመስለኛል። ሁላችንም መሪ ስንይዝ አደገኛው ሾፌር ሌላ ሰው ነው።

ቁጥሩ ግን ከእኛ ስሜት ጋር አይስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ መንገድ ላይ አማካይ ፍጥነቱ 1 ከመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ ዕድል 4 ከመቶ ይጨምራል። 50 መሆን ሲገባው 55 የሚነዳ ሰው ራሱን ፈጣን አይልም። ያቺ «ትንሽ» ግን አሥር ከመቶ ናት።

ስለላውስ? ብዙ ሰው አይ ኤስ ኤን ከሌላ ዕቃ ጋር ያምታታዋል። በዚያው ደንብ የገባ፣ ከግጭት በፊት ያሉ ጥቂት ሰከንዶችን የሚመዘግብ መሳሪያ አለ። እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። የፍጥነት ረዳቱ ሥራው ለሾፌሩ መንገር ነው፣ ለትራፊክ ፖሊስ የሚልከው የቅጣት ወረቀት የለም።

አዲስ መኪና ልትገዙ ከሆነ ለሙከራ ስትነዱ ሻጩ እንዲያጠፋው አትፍቀዱ። በርቶ ከተማም አውራ ጎዳናም ላይ ንዱት። የሚጮህ ነው ወይስ ፔዳሉ የሚገፋ፣ ጠይቁ። ካርታው የሚታደሰው በነፃ ነው ወይስ ከተወሰነ ዓመት በኋላ በክፍያ፣ ይህንንም ጠይቁ፤ ያረጀ ካርታ ያለው መኪና የሚጮኸው ባለፈው ዓመት ገደብ ነው። ሞዴሎቹ በዚህ በጣም ይለያያሉ፣ ልዩነቱ ደግሞ ዋጋው ላይ አይታይም።