«ፈረስ አጎቴ ነው»፦ በቅሎ የደበቀችው አባት

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች።» አንዳንዶች ደግሞ «እናቴ ፈረስ ናት አለች» ብለው ይጨርሱታል። በየትኛውም መልኩ ጥያቄው ሳይመለስ ቀርቷል። የተጠየቀችው ስለ አባቷ ሆኖ ሳለ በእናቷ ወገን ዞራ አመለጠች፤ አባቷ አህያ ነዋ።

ምሳሌው የተጠየቀውን ትቶ ያልተጠየቀውን ለሚመልስ ሰው ይነገራል። የዕቁቡ ሒሳብ ለምን ጎደለ ሲባል ስንት ዓመት በታማኝነት እንዳገለገለ የሚተርክ ገንዘብ ያዥ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጠንከር ያለው ትርጉሙ ግን የትውልድ ነው፤ ከዘሩ ከፍ ያለውን እያነሣ ዝቅ ያለ የመሰለውን የሚሸሽግን ሰው ይወጋል።

ምስሉ ከየት እንደመጣ ለማየት እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ መውረድ ይበቃል። ጭድ የተጫነ አህያ፣ ጋሪ የሚጎትት ፈረስና ኮርቻ የተጫነች በቅሎ በአንድ መንገድ ሲተላለፉ ማየት እስከ ዛሬ ይቻላል። በቀድሞው ሥርዓት ማዕረጋቸው እጅግ የተራራቀ ነበር። ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ ይፈለጋል፤ ሰጋር በቅሎ የመኳንንትና የካህናት መቀመጫ ናት፤ አህያ ግን ሸክሙና ዱላው ሳያንሰው ስሙ ስድብ ሆኗል። እንግዲህ በቅሎ የተከበረች ስትሆን አባቷ ከሁሉ የተናቀው ነው። የምሳሌው ቀልድ እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ አህያው ነው።

ደግሞም መደበቁ አልሆነላትም። ቁመቷና የሰውነቷ ግዝፈት የባዝራዋ ነው፤ ረጃጅም ጆሮዎቿና ጠበብ ያለው ሰኮናዋ አባቷን ይመሰክራሉ። ድምጿማ ከሁሉ ይብሳል፤ እንደ ፈረስ ማሽካካት ጀምራ እንደ አህያ አናፍታ ትጨርሳለች።

ሥነ ሕይወት ለበቅሎዋ የሚሰጠው መልስ በቁጥር ነው። በእያንዳንዱ የፈረስ ሕዋስ ውስጥ 64፣ በአህያ ደግሞ 62 ክሮሞዞም፣ ማለትም የውርስ መመሪያ የተሸከመ ክር፣ አለ። ወላጅ ለልጁ የሚያስተላልፈው ያለውን ሁሉ ሳይሆን ግማሹን ነው፤ ስለዚህ ባዝራዋ 32፣ ድንጉላው አህያ 31 ይሰጣሉ። በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች። ጎደሎ ቁጥር ነው። የዘር ሕዋስ ሲሠራ ክሮሞዞሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው መቆም አለባቸው፤ የበቅሎዋ ግን አንዱ ያለ ጓደኛ ይቀራል፣ የቀሩትም ከፈረስና ከአህያ የመጡ ስለሆኑ አወቃቀራቸው በደንብ አይገጣጠምም። መካንነቷ ከዚህ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሞሮኮ እንደታየው ወልዳ የተገኘች በቅሎ ብትኖርም፣ እንዲህ ያለው ነገር እጅግ ብርቅ ነው።

በአንድ ነገር ብቻ እውነቷን ነው። ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎች የራሳቸው ጥቂት ዲኤንኤ (የውርስ መመሪያው የተጻፈበት ንጥረ ነገር) አላቸው፤ እሱም የሚወረሰው ከእናት ነው። በዚያች ቁራጭ በኩል በቅሎ ፈረስ ናት ቢባል ያስኬዳል። በቀረው ሁሉ ግን አህያው ግማሽ ድርሻ አለው፤ ያውም መልካሙን ግማሽ። በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ የማይስት እግሯ፣ በጥቂት መኖ መበርታቷ፣ ድካምና ጥም መቻሏ በአብዛኛው የአባቷ ስጦታ ነው። በቅሎን ከፈረስ አስበልጦ ያስወደደው የምታፍርበት ወገን ነው ማለት ነው። አገር ይቆጠር ከተባለም ባለአገሩ አህያው ነው። ለማዳ የሆነው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ሲሆን የዱር ዘመዱ ዛሬም በአፋር በረሃ ይገኛል። ፈረስ ግን ከሩቅ፣ ከዩራሲያ ሜዳዎች የመጣ እንግዳ ነው።

ከአባትም ከእናትም ያልመጣ የሚመስል ነገር ሲታይ ደግሞ ሰው ይደናገራል። ጥቁር ውርንጭላ ገዝቶ ከዓመታት በኋላ ነጭ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም። ምክንያቱ ሚውቴሽን የሚባለው የዘረመል ለውጥ ነው። ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ ዓይኑ ስቶ አንዱን መሥመር ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ ከእሱ የሚገለብጠው ደግሞ ስሕተቱን እንዳለ ይደግመዋል። ከሺህ ዓመታት በፊት በአንድ ፈረስ ጂን (የአንድ ባሕርይ መመሪያ በያዘ የዲኤንኤ ክፍል) ውስጥ 4,600 ያህል ፊደላት ያሉት የዲኤንኤ ቁራጭ እንዲሁ ተደገመ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የግራጫ ፈረሶች ቀለም የመጣው ከዚሁ አንድ ስሕተት ነው። ውርንጭላው ጠቆር ብሎ ይወለድና በየዓመቱ እየነጣ ይሄዳል። ስሕተቱ ውበት ብቻ አላመጣም፤ ግራጫ ፈረሶች ሲያረጁ ለቆዳ ዕጢ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ይህ ባሕርይ የሚገንን፣ ማለትም ሌላውን የሚሸፍን ስለሆነ ለበቅሎዋ ከእናቷ የመጣ አንድ ቅጂ ይበቃል። ባዝራዋ ያላት አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ እያንዳንዷ ልጇ ግራጫ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው፤ ሁለት ካላት ሁሉም ግራጫ ይሆናሉ። የሚገንነውና የሚደበቀው ባሕርይ በሒሳብ እንደሚሄድ ግሪጎር ሜንዴል በአተር ላይ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1866 ጽፎት ነበር፤ በሕይወት ሳለ ልብ ያለው ሰው ግን ጥቂት ነው።

በሰንዳፋም ሆነ በለገጣፎ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ይህ ምሳሌ ቶሎ ትዝ ይላል። ሰባት ቤት ሲቆጠር የእናቱን ወገን በኩራት እየዘረዘረ በአባቱ በኩል የሚያጉተመትም ሰው አይጠፋም፤ ያኔ አንዱ ሽማግሌ «ፈረስ አጎቴ ነው» ብቻ ይላል፤ የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል። ቆጠራው ለሥነ ሕይወትም ትርጉም አለው። ተደብቆ የሚኖር የበሽታ ጂን ጉዳቱ የሚታየው ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ነው፤ ዘመዳሞች ሲጋቡ ደግሞ ከአንድ ቅድመ አያት የመጣው ያው ጂን በልጃቸው ላይ የመገናኘት ዕድሉ ይጨምራል። ከአንድ አያት የሚደርሰን ድርሻ በእያንዳንዱ ቤት በግማሽ እየቀነሰ በሰባተኛው ላይ በአማካይ ከ128 አንድ እጅ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ግን በሁለቱም ወገን ሲቆጠር ነው፤ የአባቱን ወገን የዘለለ ሰው የቆጠረው ግማሹን ብቻ ነው።