የሞቃታማ አገር ፍራፍሬዎች በኢትዮጵያ አነስተኛ ማሳዎች፦ የመሬት ጥበት፣ አዳዲስ ዛፎችና የቤተሰብ መጠን

አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ካዝሚርና ጊሽጣ ከሌላ የዓለም ክፍል ወደ ኢትዮጵያ የገቡ ሲሆኑ፣ ዛሬ በወይና ደጋና በቆላ ወረዳዎች ከቡናው፣ ከእንሰቱና ከበቆሎው ጎን በየጓሮው ይገኛሉ። ይህ ዳሰሳ የእነዚህን ፍራፍሬዎች መስፋፋት ከገጠር ቤተሰብ መጠን ለውጥ ጋር አጣምሮ ያቀርባል። ሁለቱ ጉዳዮች አብዛኛውን ጊዜ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የሚመዘገቡ በመሆናቸው አንድ ላይ ተጽፈው አይገኙም። ሆኖም የተከሰቱት በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ትውልድና ከአንድ ሄክታር በማይበልጥ ማሳ ላይ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ተብለው ከተጻፉት በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ሎሚ፣ ትርንጎና ሙዝ በአገሪቱ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚታወቁ ናቸው። አቮካዶን በተመለከተ በግብርና ጽሑፎች በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው መረጃ ተክሉ በ1938 በግል አልሚዎች አማካይነት በሐረርጌ ሂርናና በሲዳማ ወንዶ ገነት እንደተተከለ የሚገልጸው ነው። ዘመኑ የጣሊያን ወረራ ዘመን ስለነበረ ችግኙን ማን ከየት እንዳመጣው የተለያየ አስተያየት ቢሰነዘርም፣ ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች በዘር እየተራባ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ መዛመቱን የሚያጠያይቅ ነገር የለም። ማንጎ በሐረር ዙሪያ፣ በወለጋ፣ በአሶሳ፣ በአርባ ምንጭና በጣና ዳርቻ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ የሚታየው ከፍሬው የበቀለ፣ ግንዱ ግዙፍ፣ ፍሬው ቃጫ የበዛበት ዛፍ ነው። ካዝሚርና ጊሽጣ ደግሞ እስከ ዛሬ ከጓሮና ከአካባቢ ገበያ ብዙም አልወጡም።

የምርምር ዘመን

የፍራፍሬ ልማት በሥርዓት መመዝገብ የጀመረው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966 ከተቋቋመ በኋላ ነው። በ1969 በስምጥ ሸለቆ፣ ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተመሠረተው የመልካሳ ምርምር ማዕከል የአገሪቱ የፍራፍሬ ዕውቀት መዝገብ ሆኖ ቆይቷል ማለት ይቻላል። ጂማ በምዕራቡ እርጥብ አካባቢ የራሱን ድርሻ ሲወጣ፣ መልካሳ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ዝርያዎችን እየተከለ፣ ለዓመታት አበባቸውን፣ ፍሬያቸውንና ለበሽታ ያላቸውን አቅም እየመዘነ፣ የሚበጁትን ለይቶ ለተጠቃሚ አቅርቧል። ከአቮካዶ ሃስ፣ ፉዌርቴ፣ ኤቲንገር፣ ናባል፣ ፒንከርተንና ቤከን፤ ከማንጎ ኬንት፣ ኪት፣ ቶሚ አትኪንስና አፕል ማንጎ፤ ከሙዝ ደግሞ ድንክ ካቬንዲሽ፣ ዊሊያምስና ግራንድ ናይን በዚህ ሥራ ከሚጠቀሱት ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

ይህ ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ከሰብል ምርምር ጋር በማነጻጸር መረዳት ይቻላል። የጤፍ ተመራማሪ የሙከራውን ውጤት በአንድ የምርት ዘመን ያያል፤ የአቮካዶ ተመራማሪ ግን ዛፉ ፍሬ እስኪይዝ ዓመታት ጠብቆ፣ ከዚያም አንድ ዓመት በርክቶ በሌላው የሚቀንሰውን ምርት በአማካይ ለማስላት ተጨማሪ ዓመታት መቆየት አለበት። መንግሥት ሲለዋወጥ፣ በጀት ሲቀንስና ባለሙያ ሲለቅ የእናት ዛፎቹ ማሳ ሳይነቀል መቆየቱ ብቻውን ትልቅ ውለታ ነው።

ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሰፋፊ የፍራፍሬ እርሻዎች በመንግሥት እጅ ሲገቡ፣ የላይኛው አዋሽ እርሻዎች በብርቱካን፣ በማንጎና በፓፓያ፣ በመርቲ ስም በሚታወቁት የቲማቲም ድልህና ማርማላታም የከተማውን ገበያ ለረጅም ጊዜ መግበዋል። የገበሬው ማሳ ግን ከዚያ ያገኘው ጥቂት ነበር።

«የተዳቀለ» ችግኝ

በአርሶ አደሩ ዘንድ እውነተኛውን ለውጥ ያመጣው በተለምዶ «የተዳቀለ» የሚባለው ችግኝ ነው። ስያሜው ትክክለኛ አይደለም፤ የሚደረገው ዝርያ ከዝርያ ማዳቀል ሳይሆን፣ ከአካባቢ ፍሬ በበቀለ ግንድ ላይ ከታወቀ ዝርያ የተቆረጠ ቀንበጥ ገጥሞ፣ በፕላስቲክ አስሮ ማጣበቅ ነው። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ከ5 እስከ 8 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲፈጅ፣ የተገጠመው በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል፤ ፍሬውም የእናት ዛፉን ጠባይ ይይዛል። ቀንበጥ መግጠም በቢላዋና በልምድ የሚሠራ ጥበብ ስለሆነ፣ በቡታጅራና በሌሎች ጣቢያዎች በእስራኤልና በአሜሪካ የልማት ትብብር የተደገፉ የችግኝ ሥራዎች ብዙ ወጣቶችን አሠልጥነዋል። ዛሬ በሲዳማና በጉራጌ የግል ችግኝ አፍይዎች በዚሁ ሙያ ይተዳደራሉ።

የአቮካዶ አበባ ልዩ ጠባይ ለአትካዩ ሁሉ ሊነገረው የሚገባ ነው። እያንዳንዱ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ሴት፣ በሁለተኛው እንደ ወንድ ያገለግላል። እንደ ሃስና ፒንከርተን ያሉት ጠዋት ሴት ሆነው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሲሆኑ፣ እንደ ኤቲንገርና ፉዌርቴ ያሉት ከሰዓት በኋላ ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ቀላቅሎ የተከለና ንብ የሚያንብ ገበሬ የተሻለ ፍሬ ያገኛል። ከዚህ በተረፈ ተክሉ የሚጠላው ውኃ የሚቋጥር መሬት ነው፤ በመረሬ አፈር ላይ ሥሩ በስብሶ በአጭር ጊዜ ይደርቃል። በዘመቻ የተተከሉ ችግኞች ሳይጸድቁ ከሚቀሩባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ የዛፉ ስም እንጂ የቦታው ጠባይ አስቀድሞ አለመታየቱ ነው።

ማንጎ በበኩሉ ከባድ ፈተና የገጠመው በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ በቅጠልና በፍሬ ላይ እንደ ነጭ ቅርፊት የሚለጠፍ ተባይ በታየ ጊዜ ነው። ከውጭ ከመጣ ችግኝ ጋር እንደገባ ይገመታል። ተባዩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል። ያረጁትና ከፍታቸው የረዘመው ዛፎች ለመርጨትም ሆነ ለመግረዝ ስለማይመቹ ጉዳቱ በእነርሱ ላይ በርትቷል።

ገበያ

የአገር ውስጡን ፍላጎት የፈጠረው ጁስ ቤት ነው። አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በአንድ ብርጭቆ ተደራርበው የሚቀርቡበት ስፕሪስ በከተሞች ከመለመዱ በፊት፣ አቮካዶ በብዙ የገጠር ቤቶች ልጆች የሚለቅሙት ዋጋ የሌለው ፍሬ ነበር። ለውጭ ገበያ የሚፈለገው ቆዳው ወፍራም፣ ጉዞ የሚችልና ሲበስል የሚጠቁረው ሃስ ነው። በጎጃም መራዊ አጠገብ፣ ለ7,000 ሄክታር መስኖ በታቀደው የቆጋ ግድብ ሥር ገበሬዎች ማሳ ለማሳ ተያይዘው ሃስ ተክለዋል፤ በይርጋለም የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የአቮካዶ ዘይት ይጨመቃል። ከ2019 ጀምሮ የተካሄደው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብርም የፍራፍሬ ችግኞችን አካቷል። በብዙ ወረዳዎች ግን ፍራፍሬ ከጫትና ከባሕር ዛፍ ጋር ቦታ ይሻማል፤ በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ የከሰል ዛፍ የሆነው ዲከረንስ የመጀመሪያውን ስፍራ ይዞ ቆይቷል። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚቆረጥ፣ ገንዘብ ቶሎ የሚያስፈልገው ቤተሰብ ለምን እንደሚመርጠው ግልጽ ነው።

መሬትና ወራሽ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬትን ለአራሹ ሲሰጥ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ዛሬ በደጋውና በወይና ደጋው ይህን ያህል የያዘ ገበሬ የለም ማለት ይቀላል። በ1994 የሕዝብ ቆጠራ 53 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ በ2007 ወደ 74 ሚሊዮን ተጠግቷል። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ በ1989 ዓ.ም. ከተካሄደ ወዲህ ለአካለ መጠን የደረሱ ወጣቶች መሬት የሚያገኙት ከወላጅ ድርሻ ወይም በኪራይና በእኩል አራሽነት ነው። ቀድሞ አባት ለልጁ ጎጆ መውጫ የሚሰጠው ጥማድ አሁን ለአንዱ ልጅ እንኳ አይበቃም።

በዚህ ጥበት ውስጥ ያለ ቤተሰብ ሁለት ውሳኔዎችን ሲወስን ይታያል። አንዱ ከትንሽ መሬት ለብዙ ዓመት የሚሰጥ ተክል መትከል ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠቱ ለዚህ ድፍረት ሰጥቷል፤ ነገ ይሸነሸንብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ የሚያፈራ ዛፍ አይተክልምና። ሁለተኛው ውሳኔ የልጆችን ቁጥር ይመለከታል።

የልጆች ቁጥር መቀነስ

ይህ ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ በቁጥር የተደገፈ ነው፤ ምክንያቱም ከ2000 ጀምሮ በተከታታይ የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ጠንካራ መረጃ ትተዋል። አንዲት ሴት በወሊድ ዘመኗ የምትወልዳቸው ልጆች አገራዊ አማካይ በ2000 5.5፣ በ2005 5.4፣ በ2011 4.8፣ በ2016 ደግሞ 4.6 ነበር። በአማራ ክልል በ2000 ከነበረበት 5.9 በ2016 ወደ 3.7 ወርዷል፤ በቀድሞው የደቡብ ክልል በዚያው ጊዜ ከ5.9 ወደ 4.4 ቀንሷል። በአዲስ አበባ በ2005 የተመዘገበው 1.4 ወላጆችን ለመተካት ከሚያስፈልገው በታች ነው። በሶማሌ ክልል ግን በ2016 ቁጥሩ 7.2 ነበር፤ ስለዚህ ለውጡ የመላው አገር አንድ ወጥ ታሪክ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ከምክንያቶቹ መካከል በመረጃ የጸናው ትምህርት ነው። በ2016 ምንም ያልተማሩ ሴቶች በአማካይ 5.7 ልጆች ሲኖሯቸው፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት 1.9 ነበራቸው። የልጆች ሞት መቀነስም ተከትሎ ይመጣል፦ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 67 ወርደዋል። አያቶቻችን ከስምንት ልጅ አምስቱ ይተርፋሉ ብለው ሲወልዱ ስሌታቸው ከሐዘን የተገኘ ነበር። በ2000 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜን ከ15 ወደ 18 ከፍ አድርጓል፤ አፈጻጸሙ ግን ከሕጉ ኋላ ቀርቷል።

የእርግዝና መከላከያ አቅርቦት ታሪክ የሚጀምረው በ1966 ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ነው። የ1993ቱ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አማካዩን በ2015 ወደ 4 ዝቅ ለማድረግና ተጠቃሚዎችን ወደ 44 በመቶ ለማድረስ አቅዶ ነበር፤ በተባለው ጊዜ ሁለቱም አልተሳኩም። የተፈጠረው ለውጥ ግን ቀላል አልነበረም። በ2000 ካገቡ ሴቶች 8 በመቶ ብቻ መከላከያ ሲጠቀሙ፣ በ2016 36 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 41 በመቶ ደርሰዋል። ይህን ያደረሱት በዋናነት ከ2003 ወዲህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የሦስት ወር መርፌውን፣ በኋላም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ወደ ሴቶቹ መንደር ያቀረቡት እነዚህ በአብዛኛው የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ወጣት ሴቶች ናቸው። በዚያው ቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛው ችግኙን ይዞ ይዞራል። በዚህ ዳሰሳ አዘጋጅ እምነት፣ የሁለቱ ባለሙያዎች ሥራ በአንድ ቤት ደጃፍ መገናኘቱ የሚገባውን ያህል አልተጻፈም።

የመሬት ጥበት ራሱ ምን ያህል ወሊድን ቀንሷል የሚለው አከራካሪ ነው። አንዳንድ አጥኚዎች ዋናው ምክንያት አድርገው ሲያቀርቡት፣ ሌሎች ትምህርትንና አገልግሎትን ያስቀድማሉ። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል ዛሬም በየመንደሩ ይነገራል። ይሁንና ደብተር፣ የደንብ ልብስና የከተማ ቤት ኪራይ የሚከፍል ወላጅ አራተኛውን ልጅ ከመውለዱ በፊት ቆም ብሎ እንደሚያስብ የገጠሩን ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል።

እረኛና ችግኝ

ሁለቱ ለውጦች በቀጥታ የሚገናኙት በእረኝነት ነው። ከብት የሚጠብቁት ልጆች ነበሩ፤ ልጆች ሲያንሱና ያሉትም ትምህርት ቤት ሲውሉ እረኛ ይጠፋል። ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ለመንደሩ ከብት ሁሉ ክፍት የሚሆንበት ልቅ ግጦሽ ደግሞ ለለጋ ችግኝ ትልቁ ጠላት ነው፤ በክረምት የተተከለው በበጋ በፍየል ይበላል። ስለዚህ ፍራፍሬ በደንብ የለማባቸው ቀበሌዎች በብዛት ከብትን አስረው የመቀለብ ልማድ ያዳበሩ፣ በማኅበረሰብ መተዳደሪያ ደንብም ከብቱ ማሳ የገባበትን ባለቤት የሚቀጡ ናቸው። ደንቡ በሌለበት ቦታ ገበሬው እያንዳንዱን ችግኝ በእሾህ አጥሮ፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት በእንስራና በጄሪካን ውኃ ያጠጣል። ይህም ሥራ በአብዛኛው በሴቶች ጫንቃ ላይ የሚወድቅ ነው።