የወላጅነት የደስታ ክፍተት ምንድን ነው?

ልጅ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች ስለ ደስታቸው ሲጠየቁ በመልሳቸው መካከል የሚታየው ልዩነት ነው። የሚለካው የልጅ ፍቅር ሳይሆን የራስ ደስታ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቹ ቴክሳስ ውስጥ 909 ሠራተኛ ሴቶችን የትናንት ውሏቸውን ሲያስተርኩ፣ ልጅ መንከባከብ በአስደሳችነቱ ከምግብ ማብሰልና ቴሌቪዥን ከማየት በታች ተመደበ።

ክፍተቱ ግን በሁሉም ዘንድ እኩል አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው የጄኒፈር ግላስና ባልደረቦቿ ጥናት 22 አገሮችን አነጻጽሮ ክፍተቱን በአሜሪካ ሰፊ ሆኖ አግኝቶታል። ደመወዝ የማያስቀር ፈቃድና ርካሽ የሕፃናት ማቆያ ባለበት ይጠባል፤ እንዲያውም ይጠፋል። እንግዲህ ቁም ነገሩ አጋዥ መኖር አለመኖሩ ላይ ነው።

ባሕር ዳር ላይ አጋዥ መጀመሪያ አይጠፋም። አያት ከመራዊ ወይም ከዘጌ መጥታ ትከርማለች፣ ገንፎው ይገነፋል፣ አራስ ጠያቂው ቤቱን ይሞላዋል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ከተነሡ በኋላ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዓ.ም. መሠረት የእናትየው የድኅረ ወሊድ ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ የአባት 3 ቀን ብቻ። ቤቱ ጭር ሲል እሷም ወደ ሥራ ትመለሳለች። ትዳር የሚጎዳው ያኔ ነው።

ስለዚህ የሥራ ክፍፍሉ አያት ቤት ውስጥ ሳለች ይጀመር። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ባል «ወንድ ልጅ አራስ ቤት ምን ይሠራል» ተብሎ ከጓዳ መገፋቱ ነው፤ ሳይለምድ ይቀርና በኋላ «ምን ልርዳሽ?» እያለ ይቆማል። ማሰቡም ማዘዙም በእሷ ላይ ይወድቃል። አንድን ሥራ ከነሙሉ ጓዙ ይረከብ። ለምሳሌ ክትባት፦ የ6ኛ፣ የ10ኛ፣ የ14ኛ ሳምንት፣ የ9ኛና የ15ኛ ወር ቀጠሮ መያዝ፣ ካርዱን ማስቀመጥ፣ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ ሕፃኑ ሊያተኩሰው ስለሚችል ያን ሌሊት አጠገቡ ነቅቶ ማደር። ሌሊትም እሷ ካጠባች ማስገሳት፣ ዳይፐር መቀየርና መልሶ ማስተኛት የእሱ ይሁን።

ሕፃኑ ተኝቶም እናትየው እንቅልፍ ካጣች፣ ለቅሶዋና ተስፋ መቁረጧ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ነገሩ ከደስታ ክፍተት አልፎ የድኅረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ራሷን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ደግሞ አንድ ቀንም አይጠበቅ።